የተመሰጠረ ግን ያልተረጋገጠ፦ ኢሜይል በሚያመጣ አንድ ፕሮግራም ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ከአንድ የመልእክት ሳጥን ኢሜይል እያወጣ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ ትንሽ ፕሮግራም ለዓመታት «ደኅንነቱ በተጠበቀ ግንኙነት» ይሠራል ሲባል ቆይቷል። በኋላ እንደታየው ግን ፕሮግራሙ በአድራሻው ላይ ለተገኘ ለማንኛውም ሰርቨር፣ ማንነቱን ሳያጣራ፣ የይለፍ ቃሉን ይሰጥ ነበር። ይህ ጽሑፍ ጉድለቱ እንዴት እንደታወቀ፣ ምን እንደተደረገና ከተደረገው ውስጥ የትኛው እንዳልሠራ ይዘረዝራል።

መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግሁት ጥፋቱ ከባድ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ኮዱን ያየ ሰው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ የሚያልፈው ዓይነት ጥፋት ስለነበረ ነው። ፖርቱ፣ ማለትም ግንኙነቱ የሚገባበት ባለቁጥር በር፣ ትክክለኛው ነበር፤ ግንኙነቱም በእርግጥ የተመሰጠረ ነበር። የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ከማን ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። ተቋሙም ሆነ በሥራው የተሳተፉት ሰዎች በስም አልተጠቀሱም።

የጉዳዩ ዳራ

ተቋሙ ከተገልጋዮቹ ማመልከቻዎችንና አባሪ ሰነዶችን በአንድ የኢሜይል አድራሻ ይቀበላል። ከሰነዶቹ ውስጥ የማንነት ማስረጃዎችና የሕክምና ወረቀቶች ስለሚገኙበት፣ ሳጥኑ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ የሚጎዳው ተቋሙ ብቻ ሳይሆን ሰነዱን አምኖ የላከው ሰው ጭምር ነው። ፕሮግራሙ በየ5 ደቂቃው ይነሣል፣ ወደ ሳጥኑ ገብቶ አዲስ መልእክት ካለ ያወጣል፣ አባሪዎቹን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ከዚያም ያወጣቸውን መልእክቶች ከሰርቨሩ ላይ ይሰርዛል። የተጻፈው በፓይተን ነው። ጽፎት የነበረው ባለሙያ ተቋሙን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም የሚነኩት ችግር ሲፈጠር ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ሲጻፍ የሚጠቀመው ፖፕ 3 የተባለውን ፕሮቶኮል በፖርት 110 ነበር። በዚህ ፖርት የተጠቃሚ ስምም የይለፍ ቃልም መልእክቱም ያለ ምስጠራ ስለሚያልፉ፣ በመንገዱ ላይ ባለ ማንኛውም መሣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊያነባቸው ይችላል። ኋላ ላይ በተቋሙ ውስጥ የመረጃ ደኅንነት መመሪያ ሲወጣ፣ አንድ ባለሙያ ፕሮግራሙ ለተመሰጠረ ግንኙነት ወደተመደበው ፖርት 995 እንዲዛወር አደረገ። ለውጡ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። አንዱ የፖርቱን ቁጥር የሚቀይር ሲሆን፣ ሌላኛው ደግሞ የላይብረሪውን (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበትን ዝግጁ የኮድ ስብስብ) መደበኛ የፖፕ 3 ክፍል በሚመሰጥረው የኤስኤስኤል ክፍሉ የሚተካ ነው። ባለሙያው ሥራውን ሳይፈትን አልተወም። ዋየርሻርክ በተባለው መሣሪያ በኔትወርኩ ላይ የሚያልፈውን ተመልክቶ የማይነበብ መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ፈተና በወጉ የተደረገ ነው፤ ነገር ግን የሚመልሰው «በመንገድ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው ይችላልን?» የሚለውን ጥያቄ እንጂ «በወዲያኛው ጫፍ ሆኖ የሚያነበው ማን ነው?» የሚለውን አልነበረም።

ጥያቄው የተነሣበት አጋጣሚ

ተቋሙ የኢሜይል ሰርቨሩን ወደ አዲስ ማሽን ለማዛወር ሲዘጋጅ፣ የሰርቨሩ ስም ለጥቂት ሰዓታት ወደ መሞከሪያው ማሽን እንዲያመለክት ተደረገ። በመሞከሪያው ላይ የተጫነው ሰርተፍኬት፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት የሚመሰክረው ዲጂታል ሰነድ፣ ማሽኑ ራሱ ለራሱ የፈረመው፣ ሦስተኛ ወገን ያልመሰከረለት ነበር። የሠራተኞቹ የኢሜይል መተግበሪያዎች አንድ በአንድ ማስጠንቀቂያ አሳዩ፤ የድጋፍ ክፍሉም በስልክ ጥሪ ተጨናነቀ። ፕሮግራሙ ግን ምንም አላለም። ሰዓቱ ሲደርስ ተነሣ፣ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጠ፣ ሳጥኑን ባዶ ሆኖ አገኘው፣ አዲስ መልእክት አለመኖሩን ሎግ (የሥራ መዝገቡ) ላይ ጽፎ ሥራውን ጨረሰ።

ማዛወሩን ይመሩ የነበሩት ሰዎች ቢያንስ አንድ ሥራ ሳይስተጓጎል መቀጠሉን እንደ መልካም ዜና ቆጠሩት። ሥራ ከጀመረች ጥቂት ወራት ብቻ የሆናት አንዲት ባለሙያ ግን «የሁላችንም መተግበሪያ ይህን ሰርቨር አላምነውም ሲል ፕሮግራሙ ለምን አመነው?» ስትል ጠየቀች። ከዚያ በፊት ኮዱን ካነበብነው ሰዎች መካከል፣ እኔን ጨምሮ፣ ይህን ጥያቄ ያነሣ አልነበረም።

ምርመራው

ጥያቄውን በግምት ከመመለስ ይልቅ በተግባር ለማየት ወሰንን። ከተቋሙ ኔትወርክ በተለየ ቦታ የፖፕ 3ን ጥቂት ትእዛዞች ብቻ የሚያውቅ የሐሰት ሰርቨር አቆምን፤ ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ስም የያዘ፣ እኛው የፈረምነው ሰርተፍኬትም ሰጠነው። ፕሮግራሙን በመሞከሪያ ስምና በመሞከሪያ የይለፍ ቃል አስነሣነው። ፕሮግራሙ ተገናኘ፣ ምስጠራውን በሥርዓቱ አከናወነ፣ ቀጥሎም የይለፍ ቃሉን ላከ። የይለፍ ቃሉ በሐሰተኛው ሰርቨር ስክሪን ላይ በግልጽ ጽሑፍ ሲታይ፣ ነገሩ ማብራሪያ የሚሻ መስሎ የታየው ሰው አልነበረም።

ምክንያቱን ለመረዳት ቲኤልኤስ (ኤስኤስኤልን የተካው የምስጠራ ሥርዓት) የሚሰጠውን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ቲኤልኤስ የሚያልፈው መረጃ እንዳይነበብ ይሰውረዋል፣ በመንገድ ላይ ሳይታወቅ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ወገን ነኝ የሚለውን መሆኑንም በሰርተፍኬት ያረጋግጣል። ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትርጉማቸውን ያጣሉ። በመካከል የገባ ሰው ከፕሮግራሙ ጋር አንድ የተመሰጠረ ግንኙነት፣ ከእውነተኛው ሰርቨር ጋር ደግሞ ሌላ የተመሰጠረ ግንኙነት ከፍቶ፣ ከአንዱ የተቀበለውን እያነበበ ለሌላው ማስተላለፍ ይችላልና። እንዲህ በሆነ ጊዜ በኔትወርኩ ላይ የሚታየው ሁሉ የማይነበብ ነው፤ መልእክቱ ይደርሳል፣ ሥራው ይሠራል፣ ማንም አይጠረጥርም። ደብዳቤን በጥንቃቄ አሽጎ በሩን ለከፈተው ሰው ሁሉ መስጠት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ማሸጉ እውነት ነው፣ ተቀባዩ ግን አልተጠየቀም።

ማረጋገጡ ራሱ ሁለት ነገር መመልከትን ይጠይቃል። አንደኛው ሰርተፍኬቱ ፕሮግራሙ ከሚያምናቸው ሰርተፍኬት ሰጪ አካላት ወደ አንዱ የሚደርስ የፊርማ ሰንሰለት ያለው መሆኑና የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው በሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው ስም ፕሮግራሙ ሊገናኘው ከፈለገው ስም ጋር አንድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሆኖም ስሙ ካልተመሳከረ፣ ለራሱ ዶሜይን ሕጋዊ ሰርተፍኬት ያወጣ ማንኛውም ሰው የእኛን ሰርቨር መስሎ ሊቀርብ ይችላል።

ኮዱ ሁለቱንም አያደርግም ነበር፤ ይህም የሆነው ማረጋገጫውን ያጠፋው ሰው ስለነበረ አይደለም። ፓይተን ከ3.4.3 ስሪት ጀምሮ በድረ ገጽ ግንኙነት ላይ ሰርተፍኬትን በነባሪ፣ ማለትም ሳይታዘዝ በራሱ፣ ያረጋግጣል። ተቋሙ በሚጠቀምበት ስሪት ውስጥ ግን ፖፕሊብና አይማፕሊብ የተባሉት የኢሜይል ላይብረሪዎች፣ የኤስኤስኤል ኮንቴክስት (የምስጠራና የማረጋገጫ ቅንብሮችን የያዘ ነገር) በግልጽ ካልተሰጣቸው ይመሰጥራሉ እንጂ አያረጋግጡም። ክሪኤት ዲፎልት ኮንቴክስት በተባለው ተግባር የተሠራ ኮንቴክስት ሲሰጣቸው ሰንሰለቱንም ስሙንም ይመረምራሉ። ለውጡን የሠራው ባለሙያ በድረ ገጽ ሥራ የለመደው ነባሪ እዚህም ያለ መስሎት ነበር። በእርሱ ቦታ የነበረ ሰው ሁሉ እንዲሁ ሊያስብ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኮዱን መስመር በመስመር ስናነብ ሌሎች ሁለት ነገሮች ተገኙ። የመጀመሪያው፣ የተመሰጠረው ግንኙነት በማንኛውም ምክንያት ሳይሳካ ሲቀር ፕሮግራሙ «ሥራ እንዳይቆም» በሚል ማስታወሻ ወደ ፖርት 110 ተመልሶ ያለ ምስጠራ እንዲገናኝ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ይህ ማለት የይለፍ ቃሉን የሚፈልግ ሰው ምስጠራውን መስበር አያስፈልገውም፤ ፖርት 995ን መዝጋት ብቻ ይበቃዋል። ሎጉ ሲመረመር ፕሮግራሙ ባለፈው ጊዜ በኔትወርክ መቆራረጥ ምክንያት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ 110 መመለሱ ታየ። ሁለተኛው፣ የላይብረሪው የስሕተት መከታተያ ደረጃ 2 ላይ ተትቶ ስለነበር የተላከው ትእዛዝ ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉን የያዘው መስመር ጭምር፣ በሎግ ፋይሉ ውስጥ በየ5 ደቂቃው መጻፉ ነው። ፋይሉን በዚያ ማሽን ላይ መለያ ያለው ሰው ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የተወሰዱ እርምጃዎች

ወደ ፖርት 110 የሚመልሰው ክፍል ወዲያውኑ ወጣ፤ የስሕተት መከታተያውም ጠፋ። የሳጥኑ የይለፍ ቃል ተቀየረ፤ ከኮዱ ውስጥም ወጥቶ ፕሮግራሙ የሚሠራበት መለያ ብቻ ሊያነበው ወደሚችል የተለየ ፋይል ተዛወረ። ያረጁት የሎግ ፋይሎችና የመጠባበቂያ ቅጂዎቻቸው ተፈልገው ተሰረዙ። የይለፍ ቃሉ በኮዱ የለውጥ ታሪክ ውስጥም ተቀምጦ ስለተገኘ፣ ታሪኩን ለማጽዳት ከመድከም የይለፍ ቃሉን መቀየር የሚሻል መሆኑ ታመነበት፤ አንድ ጊዜ ወደ ብዙ ማሽኖች የተቀዳ ታሪክ ሙሉ በሙሉ ጸድቷል ብሎ መተማመን አይቻልምና።

ማረጋገጫው ሲበራ የሆነው

ኮንቴክስቱን መጨመር አንድ መስመር ነበር። ያ አንድ መስመር እንደገባ ፕሮግራሙ ከእውነተኛው ሰርቨር ጋርም መገናኘት አቆመ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ስም ነበር። በፕሮግራሙ ማዋቀሪያ ውስጥ የተጻፈው የሰርቨሩ የውስጥ አጭር ስም ሲሆን ሰርተፍኬቱ የያዘው ግን ሙሉውን የዶሜይን ስም ነው። ሙሉው ስም ሲጻፍ ይህ ተፈታ።

ሁለተኛው እንቅፋት የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ፕሮግራሙ የሰርተፍኬቱን ፈራሚ ማግኘት አልቻልሁም ይል ጀመር። ሠራተኞቹ ግን ያንኑ ሰርቨር በመተግበሪያዎቻቸው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠቀሙ ስለነበር፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው የሚል አቋም ያዙ። በኦፕንኤስኤስኤል የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ወደ ሰርቨሩ ተገናኝተን የሚልከውን ሰርተፍኬት ስንመለከት፣ ሰርቨሩ የራሱን ሰርተፍኬት ብቻ እንጂ ከሥር ሰርተፍኬቱ (ፕሮግራሙ ከሚያምነው ሰጪ አካል ሰርተፍኬት) ጋር የሚያገናኘውን መካከለኛ ሰርተፍኬት እንደማይልክ ታወቀ። አንዳንድ የኢሜይል መተግበሪያዎች የጎደለውን ሰርተፍኬት ከዚህ ቀደም ካዩት ያስታውሱታል፣ ሌሎች ደግሞ በሰርተፍኬቱ ላይ ከተጻፈው አድራሻ ራሳቸው ያመጡታል፤ የእኛ ፕሮግራም የሚሠራበት ላይብረሪ ግን የተላከለትን ብቻ ነው የሚመረምረው። ስለዚህ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነበር፤ መተግበሪያዎቹ ሸፍነውት ነበር እንጂ።

በዚህ ጊዜ ከስብሰባው ተሳታፊዎች አንዱ ሰርቨሩ እስኪስተካከል ድረስ ማረጋገጫው «ለጊዜው» እንዲጠፋ ሐሳብ አቀረቡ። የሥራው ጫና እውነተኛ ስለነበር ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ወደ ፖርት 110 የሚመልሰው ክፍልም ሲጻፍ ለጊዜው ተብሎ እንደነበር የኮዱ ታሪክ ያሳይ ነበር። ይህን ካሳየን በኋላ ሌላ መንገድ እንዲፈለግ ተስማማን።

የአሻራው መንገድና ውድቀቱ

የመረጥነው መንገድ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት የኤስኤችኤ 256 አሻራ (ከሰርተፍኬቱ ተሰልቶ እርሱን የሚለይ ቁጥር) በፕሮግራሙ ማዋቀሪያ ውስጥ ማስቀመጥና፣ ምስጠራው ከተከናወነ በኋላ ግን የይለፍ ቃሉ ከመላኩ በፊት፣ የቀረበው ሰርተፍኬት አሻራ ከተቀመጠው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር። ከደኅንነት አንጻር ይህ ጠንካራ ነው። ሐሰተኛው ሰርቨር ተመልሶ ሲሞከር ፕሮግራሙ አንዲት ቃል ሳይልክ ግንኙነቱን ዘጋ፤ እኛም ሥራው ያለቀ መሰለን።

ያላሰብነው የሰርተፍኬቱን ዕድሜ ነው። ሰርተፍኬቱ በነጻ ከሚሰጡ አካላት ከአንዱ የተወሰደ፣ ለ90 ቀናት ብቻ የሚያገለግልና ጊዜው ከማለፉ በፊት በራሱ የሚታደስ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ታደሰ፤ አሻራው ተለወጠ፤ ፕሮግራሙም እንደታዘዘው መገናኘት እምቢ አለ። እስከ ሰኞ ጠዋት የመጡት ማመልከቻዎች በሰርቨሩ ላይ ተከማችተው ቆዩ። የጠፋ መልእክት አልነበረም፤ ነገር ግን መቋረጡን ያወቅነው በማንቂያ ሳይሆን «ምነው ዛሬ ምንም አልገባም?» ብላ ከደወለች የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነው።

ማንቂያ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ፕሮግራሙ ሲከለከል ወደ ኃላፊው ኢሜይል እንዲልክ አድርገን ነበር፤ ማንቂያው ግን የሚላከው በዚያው ሰርቨር በኩል፣ በዚያው የአሻራ ምርመራ አልፎ ስለነበር እርሱም አብሮ ተከለከለ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ሥዕሉን በወረቀት ላይ ስለን ብናየው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እናገኘው ነበር።

ከዚያ ሳምንት በኋላ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ጉዳዩን አጣርተው መካከለኛውን ሰርተፍኬት ጨምሮ ሙሉውን ሰንሰለት የያዘ ፋይል ጫኑ። የአሻራው ምርመራ ወጣ፤ በምትኩ መደበኛው የሰንሰለትና የስም ማረጋገጫ ገባ። ሰርተፍኬቱ ከዚያ ወዲህ ሲታደስ ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። ሰርተፍኬቱን የሚያድሰውና አሻራውን የሚይዘው አንድ ቡድን በሆነበት ቦታ የአሻራ መንገድ ሊያገለግል ይችላል፤ በእኛ ሁኔታ ግን ሁለቱ በተለያዩ ክፍሎች እጅ ነበሩ፣ ማደሱም በራሱ የሚሠራ ስለነበር የሚያስታውቅ ሰው አልነበረም።

ፕሮግራሙ ሲከለከል ምን ያድርግ

የቀድሞው ኮድ ማንኛውንም ስሕተት በአንድ ቦታ ይዞ ዝም ይል ነበር። በአዲሱ አሠራር ስሕተቶቹ በሦስት ተለዩ። ሰርቨሩ ካልተገኘ ወይም ግንኙነቱ ከተቋረጠ፣ ፕሮግራሙ የመጠበቂያ ጊዜውን እያራዘመ ይሞክራል፤ ይህ የተለመደ ነገር ስለሆነ ሰው አይጠራም። ሰርተፍኬቱ ካልተረጋገጠ ግን ድጋሚ ሙከራ የለም፤ ምክንያቱን በግልጽ ጽፎ ይቆማል፣ ሰውም ይጠራል። የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ካጣም እንዲሁ ይቆማል፤ በየ5 ደቂቃው የተሳሳተ ቃል ማቅረብ ሳጥኑን ሊያዘጋው ስለሚችል ነው። ማንቂያው ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው መንገድ፣ በአጭር የስልክ መልእክት፣ እንዲላክ ተደረገ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የጠቀመው ግን በሌላ ማሽን ላይ የተቀመጠ ቀላል ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪው ስሕተት አይጠብቅም፤ ፕሮግራሙ ለመጨረሻ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ወደ ሳጥኑ የገባበትን ሰዓት ብቻ ያያል፤ 30 ደቂቃ ካለፈ ያስታውቃል። ፕሮግራሙ ቢቆም፣ ቢሰቀል ወይም ማሽኑ ቢጠፋ ሦስቱንም በአንድ ዓይን ያያቸዋል። መሰቀልን ለመከላከል ለግንኙነቱ የጊዜ ገደብም ተሰጠው።

ከፖፕ 3 ወደ አይማፕ

የቀድሞው ፕሮግራም መልእክቶቹን ካወጣ በኋላ የመሰረዣ ትእዛዝ ይሰጥ፣ ግንኙነቱን ይዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዳታቤዙ ይጽፍ ነበር። በፖፕ 3 መሰረዝ የሚጸናው ግንኙነቱ በሥርዓቱ ሲዘጋ ስለሆነ፣ ከመዝጋቱ በኋላ ዳታቤዙ ቢወድቅ መልእክቱ ከሁለቱም ቦታ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ መጀመሪያ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ መሰረዝ ሆነ።

በዚያው አጋጣሚ አይማፕ ወደተባለው ሌላ የኢሜይል ፕሮቶኮል፣ በፖርት 993፣ ተዛወርን። በአይማፕ እያንዳንዱ መልእክት በሳጥኑ ውስጥ የማይደገም መለያ ቁጥር አለው፤ ከመለያው ጋር የሳጥኑ የጸናነት ቁጥር አብሮ ከተመዘገበ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል። የጸናነት ቁጥሩ ከተለወጠ የቀድሞዎቹ መለያዎች ዋጋ ስለሌላቸው እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል። መልእክቱ ደግሞ «የተነበበ» የሚል ምልክት ሳያገኝ በሚያወጣው ትእዛዝ ይወጣል፤ ምልክቱ የሚደረገው በዳታቤዝ መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

የፖርት 143 ሐሳብ

የኔትወርኩን ግንኙነቶች የሚቆጣጠረው ፋየርዎል ለአይማፕ የፈቀደው ፖርት 143ን ብቻ ስለነበር፣ በዚያው ላይ ስታርትቲኤልኤስ የተባለውን መንገድ እንድንጠቀም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በዚህ መንገድ ግንኙነቱ ያለ ምስጠራ ይጀምርና፣ ሰርቨሩ ምስጠራ እንደሚችል ሲያስታውቅ ፕሮግራሙ ወደ ቲኤልኤስ እንዲሸጋገር ይጠይቃል። በመካከል ያለ ሰው ያንን ማስታወቂያ ቢያጠፋው፣ ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም ምስጠራ የለም ብሎ በግልጽ ይቀጥላል። ሰርቨሩ ገና ሲከፈት «አስቀድመህ ታውቀሃል» የሚል ሰላምታ እንደሰጠ አድርጎ በማስመሰልም ፕሮግራሙን ወደ ምስጠራ መሸጋገር ከማይፈቀድበት ደረጃ ላይ ማድረስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በጀርመን የሚገኙ ተመራማሪዎች በኢሜይል ሶፍትዌሮች የስታርትቲኤልኤስ አሠራር ላይ ከ40 በላይ ድክመቶችን አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የወጣው አርኤፍሲ 8314 የተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድም ለኢሜይል ተጠቃሚ ፕሮግራሞች ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የተመሰጠረውን ግንኙነት፣ ማለትም 993ንና 995ን፣ ይመርጣል። ይህን ጠቅሰን የፋየርዎሉን ኃላፊ ስንጠይቅ ፖርት 993 በማግሥቱ ተከፈተ። ዝቅተኛው የቲኤልኤስ ስሪትም 1.2 እንዲሆን ተወሰነ፤ 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በይፋ ከአገልግሎት እንዲወጡ ተደርገዋልና።

ከሌላ ሥራ ጋር የሚሄዱ ትምህርቶች

ኢሜይል የሚያመጣ ፕሮግራም የያዘ ባለሙያ ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ፣ የሐሰት ሰርቨሩን ፈተና እንዲወስድ እመርጣለሁ። እኛ በመጨረሻ ሦስት አቆምን። አንዱ ራሱ የፈረመው ሰርተፍኬት ያለው፣ ሌላው በታመነ አካል ቢፈረምም ስሙ የተለየ፣ ሦስተኛው ስሙ ትክክል ሆኖ ጊዜው ያለፈበት ነው። ለሁለቱ መጨረሻዎች በፈተናው ውስጥ ብቻ የሚታመን የራሳችንን ሰርተፍኬት ሰጪ ሠራን። ፈተናው የሚያልፈው ፕሮግራሙ ሦስቱንም የተጠቃሚ ስሙን ሳይልክ እምቢ ሲል ነው። ስኬትን ብቻ የሚፈትን ሰው ማረጋገጫው መኖሩን ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያምንም የማያምንም ፕሮግራም ከትክክለኛው ሰርቨር ጋር እኩል ይሠራልና። ኋላ ላይ አንድ ባልደረባ የግንኙነቱን ክፍል እንደገና ሲጽፍ ኮንቴክስቱን ረስቶ ነበር፤ ለውጡን የያዘው ይህ ፈተና ነው፣ የኮድ ግምገማው ግን አልፎት ነበር።

የላይብረሪ ነባሪዎችን በተመለከተ፣ በአንድ ላይብረሪ የታወቀ ነባሪ በሌላው አለ ብሎ ማሰብ አይገባም፤ ሁለቱ በአንድ ቋንቋ ውስጥ አብረው ቢመጡም እንኳ። ማረጋገጫው ነባሪ በሆነበትም ቦታ ኮንቴክስቱን በግልጽ መጻፍ ይሻላል፤ የሚያነበው ሰው ሐሳቡን ያየዋል፣ ስሪቱ ቢለወጥም አሠራሩ አይለወጥም።

ማረጋገጫ ሲበራ የሚታየው መቋረጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የነበረ ሌላ ስሕተት ነው። በእኛ ዘንድ የስሙም የሰንሰለቱም ጉድለት ለዓመታት ነበሩ። ለዚህ ሥራ የሚመደበው ጊዜ ለአንድ መስመር ኮድ ሳይሆን ያ መስመር ለሚያወጣቸው ስሕተቶች መሆን አለበት፤ የሰርቨሩ አስተዳዳሪም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሥራው ውስጥ ሊገኙ ይገባል። እኛ አስተዳዳሪውን ዘግይተን በመጥራታችን፣ ያቀረብነው ጥያቄ እንደ ክስ ተቆጥሮብን ነበር።

ያልተዘጋው

የይለፍ ቃሉ አሁንም የይለፍ ቃል ነው። ትላልቅ የኢሜይል አገልግሎቶች በፕሮግራም በኩል የሚቀርብ ቀጥተኛ የይለፍ ቃልን እየተዉ፣ ጊዜው በተወሰነ ቶክን (የመግቢያ ፈቃድ) ወደሚሠራው ኦአውዝ 2 ተሸጋግረዋል፤ ማይክሮሶፍት በኤክስቼንጅ ኦንላይን ላይ ይህን ማስፈጸም የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ነው። የተቋሙ ሰርቨር ይህን ገና ስለማይደግፍ ለሚቀጥለው ማሻሻያ ተይዟል።

ለኃላፊዎቹ በጽሑፍ ያሳወቅነው ሌላ ነገርም አለ። የተስተካከለው ግንኙነት የሚጠብቀው በፕሮግራሙና በሰርቨሩ መካከል ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ተገልጋዩ የላከው መልእክት ወደ ተቋሙ ሰርቨር ሲመጣ ያለፈባቸው ሰርቨሮች መመስጠራቸውን ፕሮግራሙ አያውቅም፤ በሰርቨሩ ላይ ሆኖ ሲጠብቅም መልእክቱ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሊያነበው በሚችል ሁኔታ ነው የሚቀመጠው። በዚህ ምክንያት የሕክምና ማስረጃዎች በኢሜይል መቀበላቸው እንዲቀርና ተገልጋዮች በቀጥታ በሚጭኑበት የድረ ገጽ ቅጽ እንዲተካ ሐሳብ ቀርቧል፤ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ በውይይት ላይ ነው።